ጠበልና ክሎሪን

ጠበል ላይ ክሎሪን መጨመር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ኮሌራ በገባ ቁጥር ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን በተሰበሰቡበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በሽታው ሲቀሰቀስ፣ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት መሆኑ በግልጽ ታየ። ምዕራብ ጎጃምም ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም። በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሩቅ አገር የሚመጣ ምእመን በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል፣ ይጠመቅበታል፤ በጀሪካን ቀድቶም ቤት ለቀረ በሽተኛ ይወስዳል።

ክሎሪንን የሚቃወሙ ሰዎች ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ምንጩ ቃል ኪዳን የተሰጠበት ነው፤ የሚፈውሰውም እግዚአብሔር ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለግሽ ዓባይ ውሃ አደራ ሰጥተው ከእስር ሲመለሱ ሳይርሱ እንደተቀበሉ በሚነገርበት ቦታ፣ «ውሃው ያሳምማል» ማለት ቃል ኪዳኑን መጠራጠር ይመስላል። ሽታውም አለ። በረኪና በረኪና የሚል ጠበል የቀረበለት ሰው ሌላ ነገር የተሰጠው ያህል ይሰማዋል፤ ይህን ስሜት አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ውሃ ላይ ነገር መጨመርን አይጸየፍም። ሙሴ የማራን መራራ ውሃ ያጣፈጠው እንጨት ጥሎበት ነው። የኢያሪኮ ሰዎች ውሃቸው ክፉ መሆኑን ለኤልሳዕ በነገሩት ጊዜ ነቢዩ አዲስ ማሰሮና ጨው አስመጥቶ ወደ ምንጩ ሄደ፤ ጨውንም ጣለበት። ፈውሱ የእግዚአብሔር ነበር፤ ጨው መጣሉ ግን እምነት ማጉደል ሆኖ አልተቆጠረም። ዛሬ ለውሃ ማከሚያ የሚውለው ክሎሪንም የሚገኘው በጨው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒት ከፈጣሪ የተሰጠ መሆኑን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት ማቋረጥ አለባቸው ወይ የሚለው ሲያከራክር፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል።

ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለ። በከተማ ክሎሪን የገባበትን የቧንቧ ውሃ ቀድቶ፣ ካህን ጸሎት አድርሶበትና በመስቀል ባርኮት ጠበል ብሎ የሚጠጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ክሎሪን አለበትና አልተባረከም ያለ የለም። ለጸሎት እንቅፋት ያልሆነው ክሎሪን ለምንጭ ውሃ እንቅፋት የሚሆንበት ምክንያት አይታይም። ሌላም ነገር አለ፤ ጌታ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሷል። አንድ ሰው ለራሱ በእምነት ቢጠጣ የራሱ ጉዳይ ነው። በተዛማች በሽታ ጊዜ ግን አደጋው በጠጪው ላይ አይቆምም፤ ለጎረቤት፣ ለሕፃንና ለአስታማሚ ይተርፋል።

ክሎሪን ይገባል ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መጠኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለ 1.25 በመቶ የሆነ የክሎሪን ፈሳሽ፣ 3 ሚሊ ሊትር ገደማው 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ሲገባ በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሎሪኑ ከጀርሙና ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ይቀንሳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ከተረፈ ውሃው ለኮሌራ ጀርም አይመችም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ቀድቶ የመመርመሪያ እንክብል ሲጨምሩበት ውሃው ሮዝ ይሆናል። ሮዝነቱ በደመቀ መጠን ክሎሪኑ ብዙ ነው፤ ቀለሙ ከሠንጠረዡ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ይገኛል። ያነሰ ክሎሪን ሳይጠብቅ የጠበቀ ያስመስላል። የበዛው ደግሞ ሰውን በክሎሪን ሽታ አባርሮ ወደ ወንዝ ይሰደዋል። የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ የሚያውቀውን ይህን ሚዛን የጠበል ቦታ አገልጋይም ሊያውቀው ይገባል።

ክረምት ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጎርፍ ጭቃ ሲያመጣ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ መጥለል ወይም መጣራት አለበት፤ መጠኑም መጨመር ይኖርበታል። ሳያቋርጥ የሚፈስ ምንጭ ውስጥ የክሎሪን ዱቄት መበተንም ከንቱ ነው፤ ወዲያው ታጥቦ ይሄዳል። ክሎሪን የሚገባው የሚጠጣው ውሃ በሚጠራቀምበት ሮቶ ወይም በየጀሪካኑ ነው። የምንጩ ዓይን ሳይነካ ይቀራል፤ ይህም ቃል ኪዳኑን ለሚያከብሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ታጥሮ ከብት እንዳይገባበት፣ መጸዳጃ ቤቱም ከምንጩ በታች ርቆ እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ ከክሎሪኑ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጠኑን ታሳይ፤ ሮቶው ውስጥ የሚጨምረው ግን ካህኑ ወይም አጥማቂው ቢሆን ይመረጣል። ምእመኑ የሚያምነው እነሱን ነውና፣ ከውጭ በመጣ ሰው እጅ በድብቅ የተጨመረ ክሎሪን ጥርጣሬ ይወልዳል። በግልጽ፣ ከጸሎቱ ጋር፣ በአገልጋዩ እጅ የተጨመረው ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሆኖ ይታያል። ኮሌራ በተሰማበት ወቅት ለሕዝብ የሚታደል ጠበል ሳይታከም መቅረብ የለበትም።