ደመናን መዞርና ጀግንነት

የጣና ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን ወደ ውኃው ከመግፋቱ በፊት ሰማዩን ይመለከታል። ጧት ሐይቁ ረግቶ ሳለ ይሻገራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲያይል ግን፣ የጫነው እንጨት ገበያ ቢያመልጠው እንኳ፣ ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ ይቀመጣል። በባሕር ዳር ይህን ሰው ፈሪ ብሎ የሚሰድበው አይገኝም። ያው ኅብረተሰብ ግን «ፈሪ ለእናቱ» እያለ ወደ ኋላ ማለትን ከነውር ሲቆጥር ኖሯል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከአደጋ ፊት ዞሮ መሄድ የፍርሃት ምልክት ነው ወይስ የኃላፊነት?

ጥያቄው ከታንኳው ይልቅ በአውሮፕላን ላይ ጎልቶ ይታያል። በሐሩር ውቅያኖሶች ላይ የሞቀው እርጥብ አየር በኃይል ወደ ላይ እየወጣ፣ ቁመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የነጎድጓድ ደመና ይገነባል። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚበሩ ሁልጊዜ በላዩ ሊያልፉ አይችሉም። በደመናው ውስጥ ሽቅብ የሚወጣውና ቁልቁል የሚወርደው አየር ጎን ለጎን ስለሚገኙ አውሮፕላኑ በቅጽበት ይነሣል፣ በቅጽበትም ይወርዳል፤ ቀበቶውን ያላሠረ መንገደኛ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። መናወጡ ከደመናው ውጭም ስለሚደርስ አብራሪዎች ከብርቱ ነጎድጓድ 20 የባሕር ማይል፣ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲርቁ ይመከራሉ።

ነገሩ ከጣና የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። በክረምት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚነሣው ነጎድጓድ አንዳንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ጋር ተያይዞ አፍሪካን ያቋርጣል። በ1992 ዓ.ም. ክረምት በአትላንቲክ ላይ የተነሣው አልቤርቶ የተባለው አውሎ ነፋስ መነሻው ከኢትዮጵያ ደጋ ነጎድጓድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች ገልጸዋል።

በዚሁ ውቅያኖስ ላይ ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. 228 ሰዎችን ይዞ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ጠፋ። አውሮፕላኑን የሰበረው መናወጡ አልነበረም። በደመናው ውስጥ ያለው የበረዶ ብናኝ የፍጥነት መለኪያዎቹን ደፈነ፤ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረው መሣሪያም ሥራውን አቆመ፤ ግራ የተጋቡት አብራሪዎች አፍንጫውን ሽቅብ ቢያነሡት፣ አየር ላይ የሚይዘውን ኃይል አጥቶ ከ4 ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ባሕር ገባ። በዚያው ሌሊት በዚያው መስመር ከኋላ የመጡ አውሮፕላኖች ደመናውን ርቀው በመዞር አልፈዋል። የእነዚያን አብራሪዎች ስም የሚያነሣ የለም፤ ያልደረሰ አደጋ ታሪክ የለውምና።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መመለስ ሁልጊዜ ያድናልን? አያድንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውበት ወደ ጣቢያው ለመመለስ ዞረ፤ ሞተሮቹ ስለጠፉ ማኮብኮቢያው ላይ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሆኖም መመለሱ ጥፋት ነበር ሊባል አይችልም። የሰው ውሳኔ የሚመዘነው በዚያች ሰዓት ባወቀውና ባደረገው እንጂ ዕድል በኋላ በጨመረችበት አይደለም። በዚሁ ሚዛን፣ ደመናውን በድፍረት ሰንጥቆ በደኅና የወጣ አብራሪ ዕድለኛ እንጂ ጀግና አይባልም።

በመሠረቱ ሰው በድፍረት ሊያወጣ የሚችለው የራሱን ሕይወት ብቻ ነው። ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ቢሳሳት በራሱ ይከፍላል፤ አብራሪው ግን ከኋላው የተኙት መንገደኞች ያላማከሩትን ድፍረት በእነርሱ ነፍስ ሊከፍል መብት የለውም። በሕዝብ ላይ ኃላፊነት የተሰጠው ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት መሪም ሆነ መምህር፣ በዚሁ ሕግ ይገዛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ቢባልም የፈሰሰ ነፍስ አይለቀምም። ከያኒያንም ፊት ለፊት የገባውን ሲያወድሱ ኖረዋል፤ ማዕበሉን አይቶ ታንኳውን ወደ ዳር የሳበው ቀዛፊ ግን ዛሬም አወዳሽ ይጠብቃል።