ላልተወለዱት ዕዳ አለብንን?

በብዙ አጥቢያ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ አርጅቶ ያፈሳል፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ባዶ ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ ግን አባቶች የጠበቋቸው ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ቆመው ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ከሰበካ ጉባኤው አንዱ ተነሥቶ፦ ዕንጨቱም የቤተ ክርስቲያን፣ ሕንፃውም የቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ የርስዋን ለርስዋ ብናደርገው ምን ነውር አለበት? ይላል። ይህን የሚናገረው ሰው ሌባ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ለደብሩ የሚደክመው እርሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን በተግሣጽ ብቻ ማለፍ አይገባም፤ መልስ ያሻዋል።

መልሱን ከመስጠታችን አስቀድሞ ግን የሚቈረጠው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ነገሩን ዕንጨት ነው ብሎ የጀመረ ሰው ፍርዱን ከወዲሁ ፈጽሞታልና።

የዘመናችን ሊቃውንት ምኅዳር የሚሉት ቃል ከግእዝ የተገኘ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። በአንድ ስፍራ ያሉ ዕፅዋትና እንስሳት፣ ዐፈርና ውኃ፣ ነፋስና ፀሓይ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይኖር ሆነው መያያዛቸውን ያመለክታል። ዛፉ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ቅጠሉ በስብሶ ዐፈር ይሆናል፤ ዐፈሩ የዝናሙን ውኃ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጩ ይለቀዋል፤ ወፉ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ማዶ ይጥለዋል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት ያወጣ ሰው አንድ ቀለበት ብቻ አወጣሁ ሊል አይችልም።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ 168 ዐይነት ዛፎች፣ ቍጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። በዙሪያቸው ያለው አገር እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች ቀርተዋል፤ ብዙዎቹም ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። ከምርመራው ውጤት ሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን አንድ ነገር ነው። ከታላላቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በዐፈር ውስጥ ተኝቶ ዘመን አይጠብቅም። የአረም ዘር ዓመታት ተቀብሮ ቈይቶ ይበቅላል፤ የእነዚህ ዛፎች ዘር ግን በጊዜው ካልበቀለ ይጠፋል። እንግዲህ እናቲቱ ዛፍ ከተቈረጠች፣ መሬቱ ራሱ መልሶ ያበቅላታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው። ደግሞም ደኑ ባነሰ ቍጥር ዳሩ ይበዛል፤ በዳር በኩል ፀሓይና ነፋስ ገብተው ዐፈሩን ያደርቁታል፤ ከብት ገብቶ ችግኙን ይረግጠዋል። ዐሥር ዛፍ ከዳር የቈረጠ ሰው ከኋላቸው ያሉትንም ዳር አድርጓቸዋል።

ዘላቂነት የሚባለው ሐሳብ መነሻውን ያገኘው ከደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 የሳክሶኒ የማዕድን ሹም የነበረው ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ፣ ብር ለማቅለጥ ሲባል ደኑ ማለቁን አይቶ፣ ከሚበቅለው በላይ መቍረጥ እንደማይገባ በመጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በግሮ ሐርለም ብሩንትላንድ የሚመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን ሐሳቡን አስፍቶ፣ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲፈጽም የሚመጣውን ትውልድ እንዳያስቸግር የሚል መመዘኛ አወጣ። የእኛ አገር ሰው የዚህን ነገር ፍሬ በርስት ያውቀው ነበር። ባለ ርስት ምርቱን ይበላል እንጂ ርስቱን ለዘለዓለም ሸጦ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አያስቀርም፤ እርሱ ከአባቶቹ ተቀብሎ ለልጆቹ የሚያስተላልፍ ነውና። (የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀርቷል፤ የራሱ የሆነ ብዙ ሙግትና ግፍም ነበረበት። ስለ እርሱ መከራከር ግን የዛሬ ጉዳያችን አይደለም።) የደረቀው ቅርንጫፍና ማሩ፣ ፍሬውና ሣሩ ምርት ናቸው፤ ሁለት መቶ ዓመት የቆመው ጽድ ግን ርስቱ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ረቂቅ መከራከሪያ ይነሣል። ዕዳ የሚኖረው አበዳሪና ተበዳሪ ሲኖሩ ነው። ያልተወለደ ሰው ስም የለው፣ መልክ የለው፣ ከዳኛ ፊት ቀርቦም አይከስስ። እንኪያስ ዕዳው ለማን ነው? ለወደፊቱ ሰው ማሰብ ቸርነት ይባል እንደ ሆነ እንጂ ፍትሕ እንዴት ይባላል?

ለዚህ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ስለ ጕድጓድ የተሠራው ሕግ መልስ የሚሰጥ ይመስለናል። ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው የሄደ ሰው፣ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። ሕጉ ቈፋሪውን፦ በሬው የማን እንደ ሆነ ዐውቀህ ነበርን? ብሎ አይጠይቀውም። ጕድጓዱ በተቈፈረበት ቀን በሬው ገና ያልተወለደ ቢሆን እንኳ ፍርዱ አይለወጥም። ጥፋቱ የተፈጸመው አደጋው በመንገድ ላይ ክፍት ሆኖ በተተወበት ጊዜ ነውና፤ የወደቀው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በኋላ ነው። ደኑን አጥፍቶ ምንጩን ያደረቀ ሰውም እንዲሁ ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ እንስራዋን ይዛ ወደ ደረቀው ምንጭ የምትወርደውን ልጅ ስምዋን ዛሬ አናውቀውም፤ አለማወቃችን ግን ከዕዳው ነፃ አያወጣንም። ጉዳቱ እርግጠኛ አይደለም የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሰበሰቡ መንግሥታት በመግለጫቸው 15ኛ መርሕ፣ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋበት ስፍራ ሙሉ እርግጠኝነት እስኪገኝ ጥንቃቄን ማዘግየት እንደማይገባ ተስማምተዋል። የጕድጓዱ ጥልቀት እስኪለካ ድረስ ክፍት ይቈይ የሚል አስተዋይ የለም።

አዳም በፍጥረት ላይ ስለ ተሰጠው ሥልጣንም ሁለት ዐይነት አሳብ ይሰማል። ገዢ ነውና እንደ ወደደ ያድርግ የሚሉ አሉ። አንድም ሹም ነው፤ ሹም ደግሞ የሾመው ጌታ ሲመጣ ሒሳብ ይጠየቃል። በገነት መኖሩ ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ያስተዋለ፣ ሁለተኛውን አሳብ እንደሚመርጥ አንጠራጠርም። የርስዋን ለርስዋ የሚለው ቃልም በዚህ ይመዘናል፤ ቤተ ክርስቲያን ማለት ዛሬ በጉባኤው የተቀመጥነው ሰዎች ብቻ አይደለንምና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ላልተወለደው ስንራራ በሕይወት ባለው ላይ እንዳንጨክን ያሰጋል። ጭራሮ የምትለቅም ባልቴትን ከደን አባርሮ ስለ መጪው ትውልድ መስበክ ግብዝነት ነው። የአካባቢ ጥበቃ መርሖች፣ ጥቅሙን አንዱ ወስዶ ኪሣራውን ሌላው እንዳይሸከም የሚሹ ናቸው። ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚታጠበው ዐፈር በዓባይ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በተሠራው በሱዳን የሮዜሬስ ግድብ ደለል ሆኖ፣ ግድቡ ሊይዘው ከሚችለው ውኃ ብዙውን አሳጥቶታል። ገበሬው ዐፈሩን አጣ፤ ጎረቤት አገርም ውኃ ማቈሪያዋን አጣች፤ ያተረፈ ማንም የለም። የሪዮ መግለጫ 16ኛ መርሕ የበከለ ይክፈል ይላል፤ ይህ ለፋብሪካ የተገባ ነው። ዳገት ለሚያርሰው ድኻ ግን አይገባም፤ ይልቁንስ ከታች ሆነው በውኃው የሚጠቀሙት ከላይ ያለውን ሊረዱት ይገባል እንላለን።

የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጋሬት ሐርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱ አንድ በሬ እጨምራለሁ ሲል ግጦሹ ያልቃል አለ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሕዝብ ራሱ ባወጣው ሕግ፣ በራሱ ጠባቂና በራሱ ዳኛ የጋራ ሀብቱን ለብዙ ዘመን ሊጠብቅ እንደሚችል ከብዙ አገር ምሳሌ አምጥታ አስረዳች፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። የአድባራቱ ደን ለቃልዋ ምስክር ነው፤ ካህኑ ይገዝታል፣ የአጥቢያው ሕዝብ ይጠብቃል፣ የደፈረ ይወቀሳል።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ቃል እንጨምር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው እየተባለ ይረገማል፤ እኛ አንረግመውም። ፈጥኖ ያድጋል፣ ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፣ ለቤትም ለማገዶም ይሆናል። ጣራ ለማደስ ገንዘብ የሚሻ ሰበካ ከደኑ ርቆ በተለየ ስፍራ ቢተክለው ያዋጣዋል። ነባሩን ዛፍ ነቅሎ እርሱን በቅጥሩ ውስጥ መተካት ግን ርስትን በእህል መለወጥ ነው።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ምድርስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉ መብት መሆኑን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 92ም የመጠበቁን ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ላይ አኑሯል። አዋጅ ቍጥር 299/1995 ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር ያዝዛል። ካህናት ይህን ሕግ ቢያውቁት በአጥቢያቸው ፋብሪካ ወይም የድንጋይ ማውጫ ሊከፈት ሲታሰብ የሚናገሩት ቃል ይኖራቸዋል።

በደቡብ ጎንደር ያሉ አጥቢያዎች በዶክተር ዓለማየሁና በአሜሪካዊቱ የደን ተመራማሪ በማርጋሬት ሎውማን አጋዥነት የደኖቻቸውን ዙሪያ በድንጋይ ካብ ማጠር ጀምረዋል። ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ስለ ሆነ ማረሻውም ይቀናል፤ ከብት ከደን ሲከለከል ችግኝ እንደሚበረክት በምርመራ ታውቋል። እኛ የምንለምነው ካቡ ከመጨረሻው ዛፍ ግንድ ጋር ተጣብቆ እንዳይሠራ ነው፤ ጥቂት ክንድ ወጣ ቢል ዘሩ የሚወድቅበት ስፍራ ያገኛል። ያ ጥቂት ክንድ ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ነው። ምትኩን ማን እንደሚሰጠው ሰበካ ጉባኤው ድንጋዩ ሳይነሣ ሊወስን ይገባዋል።