ሲሾም ያልበላ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ተረቱ የተወለደበትን ዘመን ሥርዓት ያስረዳል። በዚያን ጊዜ የሹም ማደሪያው የተሾመበት አገር ስለ ነበረ፥ መግዛትና መብላት በአንድ ቃል ይነገሩ ነበር። በከፋም ገባሩ ከምርቱ እያካፈለና ጉልበቱን እየገበረ ሹሙን ያኖር ነበር።

ዛሬ ግን ይህ መሠረት ፈርሷል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎችን በመንግሥት ደመወዝ አሳደረ፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ12ኛው አንቀጽ ሹም ኃላፊነቱን ቢያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። በ1993 ዓ.ም. የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዘ። እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ሲለወጥ ተረቱ ስለ ምን ሳይሞት ቀረ?

እኛ እንደሚመስለን ተረቱን የሚያቆየው ተቀባዩ ብቻ አይደለም። በዋጫ አካባቢ ከሚገኝ የገጠር ቀበሌ አንድ ገበሬ የቡና መሬቱን የይዞታ ደብተር ለማውጣት ወደ ከተማ መጣ እንበል። ማስረጃው የተሟላ ነው። ነገር ግን «ነገ ና» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው ከቡናው ዋጋ ጥቂት ብር ቀንሶ በእጅ መንሻ ስም ሰጠ፤ ጉዳዩም በዚያው ቀን አለቀ። ይህ ሰው በደለን? ብዙዎች «የገዛ መብቱን ገዛ እንጂ ማንንም አልጎዳም» ይላሉ። መንገድ ላደከመውና ሥራው ለተፈታበት ሰው ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም።

ሆኖም ከእርሱ በፊት ማመልከቻ ያስገባች፥ የምትሰጠውም የሌላት አንዲት ባልቴት በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የእርሱ መዝገብ ወደ ላይ ሲወጣ የእርስዋ ወደ ታች ወርዷል። ስለዚህ የገዛው የራሱን መብት ሳይሆን የእርስዋን ተራ ነው። ደግሞም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ዋጋውን ቆርጦለት ሄደ።

አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውንም ተቀባዩንም ጥፋተኛ ያደርጋል። በኅሊና ሚዛን ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ አንዱ በችግር ተገፋ፥ ሁለተኛው ችግሩን ራሱ ፈጠረ። በመካከላቸው ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ፤ በጎን ጠረጴዛ ተቀምጦ ሁሉን እያየ ዝም የሚለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ እርሱ የሚናገር ተረት የለም፤ ያለ እርሱ ዝምታ ግን ይህ ንግድ አንድ ቀን አያድርም።

ስለዚህ የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ግዴታ ከባድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መዝገቦች በገቡበት ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ዝርዝሩ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተራው ሲዘለልም «ቀዳሚዋ እርስዋ ናት» ለማለት የሚደፍር ባልደረባ ይኑር። ይህን ለማለት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።