ለማን ብለን ነው የምንጽፈው?

ውሎን በየማታው መጻፍ ሲያዩት ቀላል ነው። ደብተር አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ቀኑም እንደ ነገሩ አልፏል። ታዲያ ጨለለቂ ቤት ተከራይተን ከምንኖረው ተማሪዎች መካከል አንድ ሰሞን «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ያልጀመረ ማን አለ? ወሩን የደፈነስ? ስንጠየቅ መብራት ጠፋ፣ ፈተና ደረሰ እንላለን። መቼም መብራት መጥፋቱ ሐሰት አይደለም። ግን በዚያው ሻማ ካርታ ስንጫወት የምናመሸውም እኛው ነን።

ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለናል። ደብተሩን ስንከፍት ብቻችንን አይደለንም፤ ከጀርባችን የቆመ አንባቢ አለ። መምህር ሊሆን ይችላል፣ አባት ሊሆን ይችላል፣ ወደፊት ታላቅ ሰው ስንሆን ታሪካችንን የሚጽፍልን ሰውም ሊሆን ይችላል (ይኼኛውን ማንም አያምንም እንጂ ሁላችንም ውስጥ አለ)። ለእሱ ስንል «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተኛሁ» ማለት ያሳፍረናል፤ በምትኩ ስለ ሕይወት ትርጉም አንድ ገጽ እንሞላለን። ራስን በየማታው ማወደስ ደግሞ ይሰለቻል። ደብተሩን የሚያስጥለን እንግዲህ ስንፍና ሳይሆን ይኸው ድካም ነው።

ቋንቋም አለ። ብዙዎቻችን ቤታችን የምናወራው ኦሮምኛ ነው፤ ሌክቸሩ እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምንጽፈው አማርኛ። እናት የተቆጣችበትን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ስናዞረው ቁጣው ይበርዳል። ኋላ ወደ ወለጋ የመጣችው አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ሳለች የሕዝቧን ዘፈንና ተረት በገዛ ቋንቋው ጻፈች፤ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍም በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስንቱን ዘፈን ያተረፈልን ያ መጽሐፍ ግን የሷን የራሷን ውሎ አይነግረንም። ያን ቀን ምን በላች? ማንን ናፈቀች?

በሌላ በኩል ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ እንግሊዞች ወደ ህንድ የወሰዷቸው ሕፃን፣ አፍ የፈቱበትን ቋንቋ ረስተው ያደጉ ሰው ናቸው። የዕለት ማስታወሻቸውን የያዙት በእንግሊዝኛ ነው። ፒተር ጋረትሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሕይወት ታሪካቸው በዚያ ማስታወሻ ላይ ብዙ ተመርኩዟል። ስለዚህ ቋንቋው ግማሽ ምክንያት ነው እንጂ ሙሉ ምክንያት አይሆነንም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ነው። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ሰው ወረቀቱን አቃጠለ፣ ቀበረ፣ ሽንት ቤት ጣለ። ደብተር ላይ የሰፈረ የጓደኛ ስም ጓደኛን ሊያስገድል ይችል ነበር። ያን ጊዜ አለመጻፍ ለባልንጀራ መታመን ነበረ፤ ያን ትውልድ «ለምን ማስታወሻ አልያዛችሁም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ብዙ ቤት ዛሬም ወረቀት ሲከማች የሚሰጋ ትልቅ ሰው አይጠፋም። እኛም ያንን ስጋት ሳናውቀው ወርሰነው እንደሆነስ?

ይሁንና ዝም ማለት ሁልጊዜ መታመን ነው ማለት አንችልም። የቡና ዋጋ፣ የዝናቡ ሰዓት፣ ከማን ጋር ተኳርፈን እንደዋልን ብንጽፍ ማንንም አይጎዳም፤ ከሕይወት ትርጉምም ይልቅ ይኼ ውሏችን ነው። የሚያከራክረን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ጓደኛችን ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረን ነገር የእኛ ውሎ ነው ወይስ የእሱ? በዚህ እስካሁን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ስም እየለወጥን እንጽፈዋለን፤ ግማሾቻችን ቀኑን ብቻ ጽፈን ገጹን እንገለብጣለን።