ብሩን የሚፈትን



ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ላይ ምእመናን ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉ፣ መርምረው መልካም ሆኖ ያገኙትንም እንዳይለቁ ይመክራል። በዚያ የጻፈው የግሪክ ቃል፣ በአቴና ገበያ የብር ገንዘብ ፈታኝ ይጠራበት ከነበረው ስም ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው።

ከጌታ ልደት በፊት በ375 ዓመት ገደማ አቴናውያን ስለዚህ ፈታኝ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ የተቀረጸበትም ድንጋይ በ1970 እ.ኤ.አ. በጥንቱ ገበያ ስፍራ በቁፋሮ ተገኘ። ፈታኙ የመንግሥት ባሪያ ነበረ፤ በገንዘብ ለዋጮች ጠረጴዛ መካከል ተቀምጦ የሚቀርብለትን ሁሉ ይመረምር ነበር። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነውን ይቈርጠዋል፤ እውነተኛውን ግን ለባለቤቱ ይመልሳል። ፈታኙ ያጸደቀውን ብር አልቀበልም ያለ ነጋዴም የዚያን ቀን ሸቀጡን ይወረስ ነበር።

ዛሬም የአቴናን ብር አስመስለው የሚሠሩ አሉ። እውነተኛው በአንድ ፊቱ የአቴና ራስ፣ በሌላው ጉጉት፣ የወይራ ቅጠልና አልፋ፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን የሚባሉ ፊደላት አሉት፤ ክብደቱም 17.2 ግራም ያህል ነው። በሁለት ማኅተሞች መካከል በመዶሻ ተመትቶ የወጣ ነውና ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ቀልጦ በቅርጽ በፈሰሰው ላይ ግን በጠርዙ የመጋጠሚያ መስመር፣ በፊቱ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ጉድጓድ፣ የደበዘዘም ፊደል ይገኛል። ሁለት ብሮች ጭረታቸውና የጠርዛቸው ስንጥቅ ፈጽሞ አንድ ከሆነ ሊጠረጠሩ ይገባል፤ በመዶሻ የተመቱ እንዲህ አይመሳሰሉምና።

ሆኖም አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም። ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ጀርመናዊው ቤከር ማኅተሙን በእጁ እየቀረጸ ብር ይመታ ነበርና ሥራው የመጋጠሚያ መስመር የለውም። እርሱ የሚታወቀው የማኅተሙን ቅርጽ በትዕግሥት ከእውነተኛው ጋር በማስተያየት ነው።

ቅጂ መሥራት ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ቅጂ መሆኑ የተጻፈበት ብር ማንንም አያታልልም። ኃጢአቱ ቅጂውን እውነተኛ ነው ብሎ መሸጥ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስለ ወንድማችን ወሬ በቀረበልን ጊዜ እኛም በጠረጴዛው አጠገብ እንደ ተቀመጠው ፈታኝ ነን። ሐሰቱን ሳንመረምር ብንቀበል ስሙን እናጠፋለን፤ ተፈትኖ ንጹሕ የተገኘውን ሰው ደግሞ አሁንም ብንጠረጥረው እንበድለዋለን። የአቴና ሕግ ሁለተኛውንም በደል ቀጥቶአል። እግዚአብሔር የሚመረምር ዓይንና የሚቀበል እጅ ይስጠን። አሜን።