ቱቦው የተፋው ውሃ

ከተራራ ሥር ያለች አንዲት ቀበሌ ለብዙ ዘመን መንገድ አልነበራትም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወርድ ነበር፤ ጤፉም በአህያ ነበር ገበያ የሚደርሰው። በመጨረሻ ሕዝቡ ጉልበቱን፣ መንግሥት ማሽኑን አዋጥተው የጠጠር መንገድ ሠሩ። መንገዱ የተራራውን ወገብ እንደ መቀነት ስለዞረው፣ ቀድሞ በየሸንተረሩ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ዝናብ በጎን ቦይ እየተሰበሰበ በአንድ ቱቦ መውጣት ጀመረ። ከቱቦው በታች የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ ባቄላዋን ጠርጎ ወሰደው። ባልቴቷ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ፣ «ልጆቼ፣ የተራራውን ውሃ ሁሉ እኔ ላይ አራገፋችሁት» አለች።

«እማማ፣ መንገዱ የሁላችን ነው፤ ለአገር ሲሉ ይቻሉት» አሏት።

በሁለተኛው ክረምት ከቱቦው ሥር ጥጃ የሚውጥ ቦረቦር ተከፈተ። «ድንጋይ ደርድሩልኝ፤ ተራራው ላይም እርከን ሥሩ» ብላ ለመነች። በጀቱ ለመንገድ እንጂ ለማሳ እንዳልተያዘ ተነገራት። «ቦረቦር እኮ ወደ ላይም ይበላል» ብላ ተመለሰች።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ በደረቁ አለፈ። ሐምሌ ላይ የወር ዝናብ በአንድ ሌሊት ወረደ። ከተራራው የመጣ ጭራሮና ደለል የቱቦውን አፍ ወተፈው፤ ውሃው በመንገዱ ላይ ዘለለ፤ ከታች ደግሞ ቦረቦሩ የመንገዱን ትከሻ ከሥሩ ናደው። ሲነጋ መንገዱ ለሁለት ተቆርጧል። ቃሬዛውም ከተሰቀለበት ወረደ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ባልቴቷ መጥተው፣ «እማማ፣ ከየት እንጀምር?» አሏት። እሷም የተቆረጠውን መንገድ አልፋ ወደ ተራራው ይዛቸው ወጣች።

ይህን ያነሳሁት ለገጠር መንገዶቻችን ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች ከዋና መንገድ ጋር ተገናኝተዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የቱቦ ስፋት የሚሰላው ባለፉት ዓመታት በተመዘገበ ዝናብ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ደግሞ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ሲያወርደውም በኃይል ነው። ለአባቶቻችን ዝናብ የተለካ ቱቦ ለልጆቻችን ዝናብ ላይበቃ ይችላል።

ሰፋ ያለ ቱቦ መቅበር ያስፈልጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ውሃው የሚመጣበት ተራራና የሚያርፍበት ማሳ የመንገዱ ሥራ አካል ሆነው አለመቆጠራቸው ነው። በትግራይ፣ ኋላም በአማራ ክልል፣ ከመንገድና ከቱቦ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ እርሻ የመምራት ሥራ ተሞክሯል። መንገዱን ይሸረሽር የነበረው ውሃ ለከብት መጠጥና ለሰብል ዋለ፤ የጉድጓድ ውሃም ከፍ አለ። በግንቦት የቱቦ አፍ መጥረግ ደግሞ አካፋና ጥቂት ቀን ነው የሚጠይቀው፤ በሐምሌ የተቆረጠ መንገድ ግን ማሽን እስኪመጣለት ክረምቱን በሙሉ ሊጠብቅ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የቀበሌ መንገድ ዲዛይን ሲጸድቅ፣ ከእያንዳንዱ ቱቦ በታች ያለው ባለማሳ ቦታው ላይ ተጠርቶ ይጠየቅ፤ ፊርማውም ከመሐንዲሱ ፊርማ ጎን ይኑር።