ኩፍኙን ማን ላከው?

በ1861 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ቫኑዋቱ በምንላቸው፣ ያኔ ኒው ሄብሪድስ ይባሉ በነበሩት የደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። የገባው በመርከብ ነው፤ ለቻይና ገበያ የሰንደል እንጨት ሊጭኑ ከሚመላለሱ ነጋዴዎች ጋር። አኔይትዩም በምትባለው ደሴት ከሦስት ሰው አንዱ ሞተ። በታንና ደሴት ለበሽተኛ ውሃ የሚያቀብል እንኳ የጠፋባቸው መንደሮች ነበሩ። በኤሮማንጋም ሕዝቡ ረገፈ። ሜይ 20 ቀን ሐዘን ያንገበገባቸው ሰዎች ሚሲዮናዊውን ጆርጅ ጎርደንንና ባለቤቱን ኤለንን በመጥረቢያ ገደሏቸው። ለገዳዮቹ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በሽታውን ያመጣው ይህ ሰውና አምላኩ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጤና ረዳትነት፣ አብዛኛውን በወሎ ገጠር ክትባት በመስጠት ነው። ኩፍኝን አውቀዋለሁ። ባገራችን አዋቂው በልጅነቱ ታሞ ያለፈው ስለሆነ ልጅ ሲታመም እናት ታስታምማለች፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። በሽታው ጨርሶ በማያውቀው ደሴት ሲገባ ግን አባትም እናትም ልጅም አያትም በአንድ ሳምንት ይወድቃሉ። እሳት የሚያነድ፣ ከወንዝ የሚቀዳ አይኖርም። ሽፍታው ራሱ ከሚገድለው ይልቅ ተከትለውት የሚመጡት ሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ረሃብ የሚገድሉት ይበልጣል። ይህን ስለማውቅ ይሆናል፣ የነዚያን ሚሲዮናውያን የሕይወት ታሪክና ደብዳቤ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ከ1861 የማይነቀለው።

ገዳዮቹን አረመኔ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ በዘመኑ ብዙዎች እንደዚያ ብለው አልፈዋል። ሆኖም ክርክራቸውን ስመረምረው ከስብከቱ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። በታንና የነበረው ስኮትላንዳዊ ጆን ፓቶን ራሱ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። የደሴቲቱ ጠንቋዮች ሰው በልቶ የተረፈውን ካገኙ በዚያ ድግምት አድርገው ሊገድሉት እንደሚችሉ ይታመን ነበር። ሦስቱ በፓቶን ፊት ይህን ኃይላቸውን ሲናገሩ ፍሬ አስመጣ፤ ሕዝብ እያየው ከሦስቱ ፍሬዎች እየገመጠ የቀረውን ለየአንዳንዳቸው ሰጣቸውና “በሉ ግደሉኝ” አላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ጤነኛ ሆኖ በመካከላቸው ቆመ። አምላኩ እንዳሸነፈም ነገራቸው። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ግን በዚያ ቀን አንድ ሕግ ተከለ፤ ጤና የአምላክ ብርታት ማስረጃ ሆነ። ማስረጃውን የተቀበለው ሕዝብ ኩፍኝ ሲመጣበት ያንኑ ሕግ ይዞ ፈረደ። ነጋዴዎቹም ጥፋቱን በሚሲዮናውያኑ ላይ ያላክኩ እንደነበር ፓቶን ጽፏል፤ እንዲያውም የታመሙ ሰዎችን ሆን ብለው ወደ ታንና አውርደዋል ብሎ ይከሳቸዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሁሉ በእግዚአብሔር መግቦት ሥር እንደሆነ የሚያምን ሰው በሌላው ሰው ሞት ላይ ምን ለማለት ይፈቀድለታል? እኔም አማኝ ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያኔ ሽማግሌ ሆኜ ለቅሶ ቤት ቃል እንድሰጥ ስጠራ ኖሬያለሁ። ጥያቄው የኔም ነው።

ፓቶን ወደ ታንና የደረሰው በ1858 ከወጣት ሚስቱ ከሜሪ አን ጋር ነበር። በማግስቱ ዓመት በፌብሩዋሪ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በማርች መጀመሪያ በትኩሳት ሞተች፤ ሕፃኑም በሳምንታት ውስጥ ተከተላት። መቃብሩን ፓቶን በገዛ እጁ ቆፈረ፤ ዙሪያውን በድንጋይ አጠረ፣ ላዩን በነጭ ኮራል ጠጠር ሸፈነ። ጌታ ባይደግፈው ኖሮ በዚያ መቃብር አጠገብ አብዶ ይሞት እንደነበር ጽፏል። የጌታ ፈቃድ ነው፣ እርሱ አይሳሳትም የሚለውን እምነቱንም እዚያው ላይ ጽፏል። ይህን ሳነብ አንዲት ቃል ልነቅፍበት አልደፍርም። የቀበረው እርሱ ነው።

ደግሞም ያው ፓቶን ሌላ ነገር ይነግረናል። ቤቱን የሠራው ከባሕሩ ዳር፣ ዝቅ ባለ ሥፍራ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ የአገሩ ሰው፣ እኛ የምንተኛው ከፍታ ላይ ነው፣ እዚህ ከቆየህ ትሞታለህ ብሎ መከረው። የወባ ነገር ከትንኝ ጋር መያያዙ ገና ባልታወቀበት ዘመን ያ ሽማግሌ የሚያውቀውን ያውቅ ነበር። ፓቶን ሥፍራውን በመምረጥ መሳሳቱን አልደበቀም። ፈቃደ እግዚአብሔርና የቤት ቦታ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። በራሱ ሐዘን ላይ የሚናገር ሰው ሁለቱንም ይዞ መኖር ይችላል።

በሌላው ሐዘን ላይ ሲናገር ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ የወሎ ቀበሌ፣ ክረምቱ ድልድዩን ወስዶት ክትባት ሳይደርስ በቀረበት ዓመት፣ ሁለት ልጆቿ በኩፍኝ የሞቱባትን እናት ልናጽናና ገባን። አብሮን የነበረ አንድ ሰባኪ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም፣ ቤትሽን መርምሪ አላት። እናትየው ቀና ብላ አየችውና “የኔታ፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉት ልጆቻቸው የዳኑላቸው ቤታቸውን መርምረው ነው?” አለችው። ከወንዙ ወዲያ ክትባት ደርሶ ነበር። እርሱ ዝም አለ። እኔ ለዓመታት ስብከት ስሰማ ከዚያ ጥያቄ የበለጠ ሥነ መለኮት አልሰማሁም።

መጽሐፈ ኢዮብን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ኢዮብ ልጆቹን ባጣ ጊዜ የሰጠው ጌታ መልሶ እንደወሰደ ተናግሮ ሰገደ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እንደኛ ለቀስተኛ፣ ደግ አደረጉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የእግዚአብሔርን ጽድቅ በኢዮብ ላይ ማስረዳት ጀመሩ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፤ መሥዋዕት ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱና እርሱ እንዲጸልይላቸው አዘዘ። ሦስቱ የተናገሩት ቁም ነገር ብቻውን ሲታይ ብዙው እውነት ይመስላል። የተበላሸው በማን ሞት ላይ፣ በማን አፍ መነገሩ ነው።

የኔ እምነት ስለዚህ እንዲህ ነው። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ጸሎት ነው፤ ጸሎት የሚነገረው ወደ እግዚአብሔር ነው። ሐዘንተኛው በራሱ መቃብር አፋፍ ላይ ሊጸልየው ይችላል። ያንኑ ቃል አዙሬ ለሐዘንተኛው ብነግረው ግን ፍርድ ይሆናል፤ እኔን ዳኛ፣ ሟቹን ተከሳሽ ያደርጋል። አንድ ወንድም ይህን ብነግረው፣ ታዲያ እግዚአብሔር በሌሎች ሞት ላይ ጌታ አይደለም ልትል ነው ወይ አለኝ። ጌታ ነው። የኔ ጥርጥር በጌትነቱ ላይ አይደለም፤ እኔ የርሱን መዝገብ ገልጬ በባልንጀራዬ ስም አንጻር የተጻፈውን የማንበብ ሥልጣን አለኝ ወይ በሚለው ላይ ነው። ማንም አልሰጠኝም።

ሥልጣኑ አለኝ ብሎ የተነሣ ሰው ወዴት እንደሚደርስ ታንና ላይ ታይቷል። ፓቶን በ1862 ከደሴቲቱ ተባረረ። በ1865 ኩራሶዋ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሚሲዮናውያን ስለደረሰባቸው በደል ቅጣት ብላ የታንናን የባሕር ዳር መንደሮች በመድፍ ደበደበች። ፓቶን በአስተርጓሚነት አብሮ ሄዶ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም ድርጊቱን ትክክል ነው ብሎ ተሟገተለት። በአኔይትዩም ያገለግል የነበረው ጆን ጌዲ ግን አጥብቆ ተቃወመው። ሁለቱም አንድ ወንጌል የሚሰብኩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ከጌዲ ጋር ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ መሃል ላይ መቆም አልችልም። በኩፍኝ ያን ያህል የተጎዳን ሕዝብ ከአራት ዓመት በኋላ በመድፍ ማስተማር ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ጌዲ በ1848 ነው አኔይትዩም የገባው፣ ከካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ተነሥቶ። ከሞተ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የተሰቀለለት የመታሰቢያ ጽሑፍ ሲመጣ አንድ ክርስቲያን እንዳልነበረ፣ በ1872 ሲሄድ ደግሞ አንድ አረማዊ እንዳልቀረ ይናገራል። በሚሲዮን ታሪክ ከዚህ የበለጠ የታወቀ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ እውነትም ነው። ያልተጻፈው የሕዝቡ ቁጥር ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ለአዲስ ኪዳናቸው ማሳተሚያ አራሩት የሚባለውን ሥር እየቆፈሩ፣ እያጠቡ፣ ዱቄቱን እያደረቁ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። ያሳተመላቸው በ1840 አቡ ሩሚ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለኛ ያተመው የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ሚሲዮናዊው ጆን ኢንግሊስ ዊሊያሙ ከተባለ የደሴቲቱ ሰው ጋር በ1860 ለሥራው ወደ ብሪታንያ ሄደ። መጽሐፉ ታትሞ በ1863 ሲደርስ ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ በመቃብር ነበሩ።

ፊጂ ላይ በ1875 የሆነው ደግሞ በስፋት ይብሳል። ንጉሡ ታኮምባው ከሲድኒ ሲመለስ በመርከቧ የገባው ኩፍኝ ወደ 40,000 ሰው ፈጀ። ክርስትናን በቅርቡ የተቀበሉ የተራራው ሰዎች ብዙዎቹ እምነቱን ጣሉት፤ በማግስቱ ዓመትም ከእንግሊዞች ጋር ተዋጉ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ በልቤ የማኖረው ሰው አብርሃም የተባለ የአኔይትዩም ሽማግሌ ነው። ወንጌል ሊያስተምሩ ወደ ታንና ከተሻገሩት አንዱ ነበር፤ እንደርሱ ያሉ የደሴት መምህራን በየባሕሩ ዳር ሞተው ስማቸው እንኳ በቅጡ አልተጻፈም። ኩፍኙ ከፓቶን ጋር ከነበሩት 13 ሰዎችን ገደለ። ትንሿ የሚሲዮን መርከብ ስትመጣ የተረፉት ሁሉ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ተሳፈሩ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? አብርሃም ቀረ። ፓቶን ወድደህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው በፈቃዱ እንደሚቆይ መለሰ። ቀደም ሲልም ፓቶን በወባ ወድቆ ኮረብታው ላይ ሊደርስ እየዳኸ ሳለ እርሱና ሚስቱ ተሸክመው አውጥተውታል፣ አስታምመውታል። በሽታውን ማን ላከው ለሚለው ጥያቄ አብርሃም የሰጠው ማብራሪያ አልተመዘገበም። የተመዘገበው መቅረቱ ነው። እንደኔ አስተያየት መግቦት በሌላው ሞት ፊት ሊናገር ከተፈቀደለት የሚናገረው በዚህ ዓይነት ሰው ነው፤ ውሃ በሚያቀብል፣ በማይሄድ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቅርብ ጊዜው ነገር ነው። በኤሮማንጋ ከጎርደን በፊት በ1839 ዝነኛው የለንደን ሚሲዮናዊ ጆን ዊሊያምስ ባሕሩ ዳር ላይ ተገድሎ ነበር፤ የሰንደል እንጨት የሚፈልጉ የታጠቁ ሰዎች ከርሱ ቀድመው መጥተው ደም አፍስሰው እንደነበር ሳይረሳ። በ2009 የዊሊያምስ ተወላጆች ወደዚያው መጡ፤ የደሴቲቱ ሰዎች በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ እርቅ ወረደ። እርቁ ያማረ ነበር፤ ይቅር መባባልን የምንወድ ሕዝብ ነንና ይገባኛል። ነገር ግን ከደሴቲቱ ሰዎች ብዙዎቹ በሚሲዮናዊው ደም ምክንያት ምድራችን ተረግማለች ብለው ያምኑ ነበር። ከሺዎች ወደ ጥቂት መቶዎች የወረደ ሕዝብ የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ማለቅ እንደ ቅጣት አድርገው ወርሰውታል። የኢዮብ ወዳጆች ክርክር መቶ ሰባ ዓመት ተሻግሮ በሐዘንተኞቹ በራሳቸው አፍ ገባ። ኩፍኙን በመርከብ ስላወረደው ንግድ በዚያ ባሕር ዳር ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ግን አልሰማሁም።

ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ፊቴ ቢቀመጥ፣ እንደ አማኝም እንደ ጤና ረዳትም የምነግረው ይህን ነው። አባቴ፣ ዊሊያምስን መግደል ኃጢአት ነበር፤ ይቅርታ መጠየቃችሁም መልካም ነው። አያቶቻችሁ ያለቁት ግን ሰውነታቸው የማያውቀው ተላላፊ በሽታ ስለደረሰባቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለታመሙ፣ የሚያጠጣቸው ስላጡ ነው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር ከሌላው ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሏል። የአያቶቻችሁን ስም ከዚያ የፍርድ መዝገብ ላይ አውጡት፤ እዚያ የጻፈው እግዚአብሔር አይደለም።